ጳጉሜን ጣሪያ ላይ

ጠብታውን መጀመሪያ የሰማሁት በህልሜ ነው። የሌሊት ተረኛ ስለነበርኩ ጠዋት ገብቼ፣ መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ ጋርጄ ተኝቻለሁ። በህልሜ እናቴ ቤት ነኝ፤ ሳሎኑ መሃል ሳፋ ተቀምጧል፤ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ስነቃ ድምፁ አልቆመም። የሚመጣው ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ነበር። በሩን ስከፍተው የሥራ ልብሶቼ ትከሻ ትከሻቸው ርሷል፤ ከበላያቸው ኮርኒሱ ላይ ሻይ የተደፋበት የሚመስል፣ ጠርዙ የጠቆረ ክብ ወጥቷል። ጊዜው ማርች 2023 ነው፤ ቦታው ኦሎምፒያ፣ ዋሽንግተን ግዛት። ውጪ ዝናቡ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል።

ቤቴ አርቪ ነው። በፒክአፕ የሚጎተት፣ ርዝመቱ 24 ጫማ የሆነ ተጎታች ቤት። ሙያዬ ነርስነት ነው፤ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ትራቭል ነርስ ሆኜ ነው የምሠራው። ኮንትራቱ አብዛኛውን ጊዜ 13 ሳምንት ነው፤ ሲያልቅ ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ሌላ ሆስፒታል። በየሄድኩበት ክፍል ተከራይቼ የማላውቀው ሰው ፍራሽ ላይ ከምተኛ የራሴን አልጋ ይዤ ልዙር ብዬ ያገለገለ ተጎታች ገዛሁ። ጀበናዬም፣ ረከቦቴም፣ የኤሌክትሪክ ምጣዴም በውስጡ ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። እማዬ በቪዲዮ ስታየው «ቤትሽን አዝለሽ የምትዞሪ ቀንድ አውጣ ሆንሽ በይኛ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ለዚህም ነው ያ የጠቆረ ክብ እንደዚያ ያስደነገጠኝ፤ ሌላ የምገባበት ቤት የለኝም።

ከመፍሰሱም በላይ ያንገበገበኝ ሌላ ነገር ነው። ከሁለት ወር በፊት፣ ጃንዋሪ ላይ፣ አንድ የጥገና ቦታ ወስጄው 800 ዶላር ከፍዬ ነበር። «የጣሪያው መጋጠሚያዎች በሙሉ ተፈትሸው ታሽገዋል» የሚል ወረቀት ይዤ ነው የወጣሁት። ጃንዋሪ ማለት እዚህ ብርዱም ዝናቡም የበረታበት ወር ነው። አብዛኛው የጣሪያ ማሸጊያ ደግሞ ከ50 ዲግሪ ፋራናይት በታች፣ ማለትም ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች፣ እንዳይደረግ ይመከራል፤ እርጥብ ነገር ላይማ በጭራሽ። ያኔ ይህን ስለማላውቅ አልጠየቅኩም። በኋላ ወጥቼ ሳየው በአሮጌው ላይ አዲሱን፣ በቆሻሻው ላይ ነጩን ለቅልቀው ነው የለቀቁት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኔ ቤት ደግሞ የእውነት ይሮጣል። በሰዓት 60 ማይል ሲጎተት ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ መስኮቱ ሁሉ እየተንቀጠቀጠ ነው የሚሄደው። ፀሐይ ሲያገኘው ፕላስቲኩ፣ አሉሚኒየሙና እንጨቱ እኩል አይለጠጡም፤ ሲበርድም እኩል አይሰበሰቡም። ይህን ሁሉ ጉተታ የሚችለው መጋጠሚያው ላይ ያለችው የጣት ውፍረት ያላት ማሸጊያ ናት። ከሥሯ አቧራ ካለ ምን ይዛ ትቆያለች?

አባቴ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ጣሪያ ይወጣ ነበር። ጉለሌ ያለው ቤታችን ቆርቆሮው አሮጌ ነው፤ ሚስማሩ ዙሪያ ይዝግና ይሰፋል። ክረምቱ ሳይገባ አንድ ቅዳሜ ይመርጥና ካትራሜውን በአሮጌ ቆርቆሮ ጣሳ ከሰል ላይ ያቀልጣል፤ ከጆንያ የተቀደዱ ቁራጮች ያዘጋጃል። ካትራሜውን ከማድረጉ በፊት ግን ሁልጊዜ የሚሠራት ሥራ ነበረችው። እኔን የመጥረጊያ እንጨት አስይዞ ቤት ውስጥ ያቆመኛል። እሱ ጣሪያው ላይ ሆኖ በጆግ ውሃ ያፈሳል፤ ከታችኛው ጠርዝ፣ ከአሸንዳው ጀምሮ፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ። እኔ ጠብታ ሳይ በእንጨቱ ቆርቆሮውን መታ አደርጋለሁ። አንድ ጊዜ ጠብታው ባለበት ቦታ ብመታ «እሱን አይደለም የምጠይቅሽ» አለኝ ከላይ ሆኖ። «የወደቀበትን ሁሉም ያየዋል። ማገሩን ይዘሽ ወደ ላይ ተከተይው።» አንጋጥጬ ማገሩን በዓይኔ ስከተል ለካ ውሃው በእንጨቱ ሆድ እየተሳበ ሁለት ክንድ ያህል ርቆ ነው የመጣው። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ የሚለውን ተረት በኋላ ትምህርት ቤት ስሰማው በዓይኔ ውስጥ የነበረው ያ ማገር ነው።

ኦሎምፒያ ላይ ያን ጠዋት ያደረግኩትም ይህንኑ ነው። የእጅ ባትሪ ይዤ ኮርኒሱን ከክቡ ተነስቼ ወደፊት ተከተልኩት። በመዳፌ ስጫነው ቁም ሳጥኑ ላይ ጠንካራ ነው፤ ወደ መታጠቢያው ስጠጋ ግን ይሰረጉዳል፤ ከሻወሩ በላይ ጣሪያው ላይ ባለችው የብርሃን መስኮት ጠርዝ ላይ ጭራሽ እንደ ረጠበ ካርቶን ሆኗል። ከክቡ እስከዚያ አራት ጫማ ተኩል ያህል ይሆናል። የቆምኩበት ቦታ ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለነበር ውሃው በመስኮቷ ጠርዝ ገብቶ፣ በኮርኒሱ ጀርባ ተንሸራትቶ፣ ቁም ሳጥኔ ላይ ወረደ። አርቪ ላይ ይህ በጣም ያታልላል። ቤቱን ወደ ሌላ ቦታ ወስደህ ወደ ግራ ያዘነበለ መሬት ላይ ብታቆመው ጠብታው ሌላ ቦታ ይወርዳል፤ ወይም ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ጭራሽ አይታይም። ሰው «ቆመ» ብሎ ይረሳዋል። ውሃው ግን እንጨቱን መብላቱን አላቆመም።

ጣሪያውን ሸራ አለበስኩትና የሥራ ልብሶቼን ከቁም ሳጥኑ አውጥቼ የሻወሩ መጋረጃ ዘንግ ላይ ሰቀልኳቸው። ለወራት እዚያው ነበሩ። በገባሁ በወጣሁ ቁጥር እነሱን ወዲያ ወዲህ ማድረግ ነበረብኝ።

ሰው ሲያትል ዝናባም ናት ሲል አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይገረማል፤ በዓመት በሚወርደው ውሃ ልክ ከሄድን አዲስ አበባ ትበልጣለች። ልዩነቱ አወራረዱ ነው። የእኛ ክረምት ይመጣል፣ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ያባራል፣ ፀሐይ ይወጣል። እዚህ ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ገደማ ወንፊት የሚመስል ዝናብ ቀንና ሌሊት ጣሪያው ላይ ይተኛል። ለመድረቅ ጊዜ አይሰጥም። መጋጠሚያው ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለች እሷን ፈልጎ የሚያገኝ ትዕግሥተኛ ዝናብ ነው። ጥላ ሥር የሚቆም አርቪ ጣሪያው ላይ የድንጋይ ሽበት ያበቅላል። ስለዚህ ጥገናው መጠበቅ ነበረበት። ደረቅ ወር፣ ደረቅ ቦታ ያስፈልገኛል።

ጁላይ ላይ ያኪማ ኮንትራት አገኘሁ። ያኪማ ያው ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ናት፤ ግን ከካስኬድ ተራሮች በስተምሥራቅ ስለሆነች ደመናው ተራራው ላይ ውሃውን አራግፎ ነው የሚያልፈው። የዓመቱ ዝናብ 200 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። የበጋው ሰማይ ለሳምንታት አንድ ደመና አይታይበትም። ክቡ ደረቀ፤ ቀለሙ ፈዘዘ፤ ብዙ ጊዜም «ይቅር፣ ደረቀ እኮ» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። እንዲህ ያለ በጋ ሰውን ያዘናጋል። ኮርኒሱን በጫንኩት ቁጥር ግን ያው ይሰረጉዳል።

ሲያትል ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን አንድ ወጣት አለ። አዲስ አበባ ሳለ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ይገጥም ነበር፤ እዚህ ዕቃ ያደርሳል። ስለ ጣሪያው ነግሬው ነበርና «ሲስተር፣ ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ፤ ብቻሽን እንዳትወጪ» ብሎኝ ነበር። አርብ፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን መጣ። ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል ነው። ልጅ ሳለን በዚያ ቀን የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነው ተብለን ውጪ ወጥተን እንመታው ነበር። በዚያች አርብ ግን «ቅዱስ ሩፋኤል ሆይ፣ ዘንድሮ አንዲት ጠብታ እንዳትልክብኝ» ብዬ ነው የተሳለምኩት። አልላከም።

ልጁ ከመኪናው የማሸጊያ መግፊያ ሽጉጡንና አንድ ካርቶን ሲሊኮን አወረደ። ወዲያው ተከራከርን። እኛ አገር ከቱቦ የሚወጣ ማሸጊያ ሁሉ ስሙ ሲሊኮን ነው፤ እሱም ዕድሜውን በሙሉ መስኮት ያሸገበት ነው፤ መስታወት ላይም ግሩም ነው። የአርቪ ጎማ ጣሪያ ላይ ግን አይሆንም። በክርክር እንደማላሳምነው ስለገባኝ መሰላሉን አቁሜ ይዤው ወጣሁ። የጥገና ቦታው ጃንዋሪ ላይ የለቀለቀው ሲሊኮን ነበር። የአንዱን ጫፍ በጥፍሬ ያዝኩና ሳብኩት። እንደ ማስቲካ ተለጥጦ፣ አንድ ክንድ ያህል ሳይበጠስ፣ ያለ ምንም ጉልበት ተገሽልጦ መጣ። ከሥሩ የሸፈነው አቧራ ሳይነካ ቁጭ ብሏል፤ አቧራው ውስጥ ደግሞ የውሃ መንገድ የሆነች ቀጭን ጥቁር መስመር ትታያለች። ልጁ ተንበርክኮ መስመሯን በጣቱ ተከተላት። ብዙ ዝም አለ። «ይሄ አልያዘም እኮ፤ ተቀምጦ ነው የነበረው» አለ። ካርቶኑን ወደ መኪናው መለሰው።

የጣሪያዬ ሽፋን ኢፒዲኤም የሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። ከላይ ነጭ፣ ከሥር ጥቁር፤ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር ገደማ። ከሥሩ ያለው ቀጭን ኮምፔንሳቶ ነው፤ ከዚያ ወራጆቹና በመካከላቸው ብርድ መከላከያው፤ ከዚያ የእኔ ኮርኒስ። በቃ። ከሰማይ የሚለየኝ ይኼው ነው። ጎማው ራሱ ካልተቀደደ ለብዙ ዓመት ውሃ አያሳልፍም። ችግሩ ሰው የበሳው ቦታ ላይ ነው፦ የብርሃን መስኮት፣ የአየር ማስወጫ፣ የፍሳሽ ቱቦ መተንፈሻ፣ አንቴና፣ ከፊትና ከኋላ ጎማው የሚያልቅባቸው ጠርዞች፣ እያንዳንዱ ብሎን። ቆጠርኳቸው። ብሎኖቹን ሳልጨምር አሥራ አንድ ቀዳዳ አለው።

የመጀመሪያው ቀን ሙሉ ለሙሉ እጥበት ነው የዋለው። ልጁ ትዕግሥቱ አልቆ «ሲስተር፣ መቼ ነው ሥራ የምንጀምረው?» እስኪለኝ። ይሄ ነው ሥራው። በቀላል የዕቃ ሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ፣ ሦስት ጫማ በሦስት ጫማ እየከፈልን። ቤንዚንም ሆነ ከነዳጅ የተሠራ ማንኛውም ማጽጃ ክልክል ነው፤ ጎማውን ያሳብጠዋል። ኢፒዲኤም ሲያረጅ ላዩ እንደ ጠመኔ ይቦናል፤ በአርቪዎች ጎን ላይ ወደ ታች ወርዶ የምታዩት ነጭ መስመር እሱ ነው። የመጀመሪያው ባልዲ ወተት መስሎ ወጣ። ግድግዳው ላይ እንዳይደርቅ አንዳችን ከላይ ስናጥብ አንዳችን ከታች በጎማ ቱቦ እናለቀልቅ ነበር።

እዚህ ላይ በነርስነቴ አንድ ነገር ልናገር። ከመሰላልና ከጣሪያ የወደቀ ሰው ብዙ ተቀብያለሁ፤ ከአሥር ጫማ የወደቀ ሰው ዳሌውን ሰብሮ፣ አንዳንዱም ከዚያ በኋላ ተነስቶ ሳይሄድ ቀርቷል። ሳሙና የነካው ጎማ ጣሪያ በጣም ያንሸራትታል። አትቁሙ፤ ተንበርከኩ። ጀርባችሁን ለጠርዙ አትስጡ። ሰፊ ኮምፔንሳቶ ከሥራችሁ አንጥፉ፤ ክብደታችሁን ይበትነዋል፤ ሰው የማይሸከም ጣሪያም ስላለ መጀመሪያ መመሪያውን አንብቡ። ብቻችሁን ደግሞ አትውጡ።

ቅዳሜ አሮጌውን ማሸጊያ ማንሳት ጀመርን። ሁሉም አይነሳም፤ ይህን ማወቅ ብዙ ድካም ይቀንሳል። ከፋብሪካ የተደረገው አሮጌ ማሸጊያ ጎማውን አጥብቆ ከያዘ፣ ካልተሰነጠቀና ጠርዙ ካልተነሳ፣ ይጸዳና በላዩ ይደረብበታል። በግድ ላንሳው ብትሉ ጎማውን ይዞ ይመጣል። ሲሊኮኑ ግን እስከ መጨረሻዋ ቅንጣት መነሳት አለበት፤ ሌላ ማሸጊያ በእሱ ላይ አይጣበቅም። በፕላስቲክ ስፓቱላ ፋቅን፤ ብረቱ ጎማውን ስለሚቀድ አልነካነውም። ጣቶቼ ዝለው ቡና እስክንጠጣ ድረስ መዘርጋት አልቻልኩም ነበር። የቀረውን በአልኮል በነከርነው ጨርቅ ጠረግን፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪመለስ።

ይህን ሥራ ስሠራ ሆስፒታል ያለሁ ነው የመሰለኝ። ቁስል እንከባከባለሁ። መግል የያዘን ቁስል ሳናጸዳ ብንሰፋው ከላይ የዳነ ይመስላል፤ ቤተሰቡም ደስ ይለዋል፤ ከሥር ግን ይቦረቡራል። ጊዜ የሚወስደው ማጽዳቱ ነው፤ ለሕመምተኛው የሚያመውም እሱ ነው፤ የሚያድነውም እሱ ነው። ፋሻው ሁለት ደቂቃ ነው። ያ የጥገና ቦታ የሸጠልኝ ፋሻውን ብቻ ነበር። እስከ ዛሬ የምቆጨው በገንዘቡ አይደለም፤ ወረቀቱ ላይ «ተፈትሿል» ብለው በመጻፋቸው ነው። እኔ ያላየሁትን ቁስል አይቻለሁ ብዬ ብጽፍ ፈቃዴን እነጠቃለሁ፤ መነጠቅም አለብኝ።

የብርሃን መስኮቷን ብሎኖች በካቻቢቴ ስንፈታ ከሃያዎቹ ሰባቱ ምንም ሳይታገሉ ወጡ። የሚይዙት እንጨት የለም። መስኮቷን አንስተን ጎማውን ትንሽ ገለጥ ስናደርግ ኮምፔንሳቶው ጥቁር ሆኖ ተገኘ። በአውራ ጣቴ ብጫነው ገባ። አንዱን ቁራጭ ልጁ አንስቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ንብርብሩ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተለያይቷል፤ ሽታው የክረምት ምድር ቤት ሽታ ነው፤ በመሃሉ ነጭ የሻጋታ ክር ድር ሠርቶበታል። ከስድስት ወር በላይ በዚህ ሥር ስተነፍስ ነበር። ጤናማ እንጨት እስክናገኝ ቆረጥን፤ አንድ ክንድ በአንድ ስንዝር ያህል ሆነ። በዙሪያው የቀረውን እንጨት በእርጥበት መለኪያ ስወጋው 24 ከመቶ አነበበ። ከ20 በላይ ሲሆን እንጨት ለመበስበስ የተመቻቸ ነው። ያኔ የነበረን አማራጭ መጠበቅ ብቻ ነው። ቀዳዳው አፍ ላይ ማራገቢያ አስቀመጥንና እሑድን ለእግዚአብሔርም ለእንጨቱም ተውነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና አፍልቼ በሩ ላይ ተቀምጠን ነፋሱ የሆፕስ ሽታ ይዞ መጣ። የአሜሪካ የቢራ ሆፕስ አብዛኛው የሚበቅለው በያኪማ ሸለቆ ነው፤ የሚታጨደውም ኦገስት መጨረሻና ሴፕቴምበር ላይ ነው። ተክሉ ጌሾ አይደለም፤ ሥራው ግን የጌሾ ሥራ ነው፤ መራራውም እንደዚያው። ልጁ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙሮ «እናቴ ለእንቁጣጣሽ ጠላ የምትጠነስስበት ቀን ነው» አለ። ሌላ አልተናገርንም።

ሰኞ ጠዋት መለኪያው 13 አነበበ። የዚያ ዓመት ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበራት፤ ያቺ ስድስተኛዋ ቀን ለእኛ የተጨመረች ነው የመሰለኝ። ፀሐዩ ሳይከር ከሥሩ የእንጨት መደገፊያ አስገብተን አዲሱን ኮምፔንሳቶ በብሎን አሰርን፤ ጎማውን በማጣበቂያ መለስነው። ከመስኮቷ ጠርዝ ሥር ቡቲል ቴፕ ዙሪያውን ለጠፍን። ቡቲል የማይደርቅ፣ ሁልጊዜ እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ነው፤ ዋናው ውሃ ከልካይ እሱ ነው፤ ከላይ የሚደረገው ማሸጊያ ሁለተኛው አጥር ነው። ብሎኖቹን አንዱን ከወዲህ አንዱን ከወዲያ እያልን፣ ቡቲሉ ዙሪያውን እኩል እስኪወጣ አጠበቅን። የወጣውን በፕላስቲክ ቆረጥን።

ከዚያ ማሸጊያው። እኔ የተጠቀምኩት ዳይኮር የሚባለውን ራሱን የሚያስተካክል ዓይነት ነው። ቱቦውን አፉን ቆርጬ የመጀመሪያውን መስመር በመስኮቷ ጠርዝ ላይ ገፋሁ። ገመድ ሆኖ ይወጣል፤ ለጥቂት ሰከንድ እንደ ገመድ ቆሞ ይቆያል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ መተኛት ይጀምራል። ወደ ጎማውም ወደ ፕላስቲኩም እኩል ይዘረጋል፤ የብሎኑን ራስ ከብቦ ይወጣና ይሸፍነዋል፤ ላዩ ይለሰልሳል። በደንብ የቀጠነ ሊጥ የጋለ ምጣድ ላይ የራሱን ጠርዝ ሲያገኝ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። በጣት አይነካም፣ በስፓቱላ አይስተካከልም። ልጁ እጁ እየበላው ሁለት ጊዜ ሊያስተካክል ዘረጋ፤ ሁለት ጊዜ ያዝኩት። ለቆመ ግድግዳ ይህ አይሆንም፤ ተንሸራቶ ይወርዳል፤ ለእሱ የማይፈስ ሌላ ዓይነት አለ።

የፊተኛው ጠርዝ ላይ ግን ማሸጊያ ብቻ አልበቃኝም። ጎማው ከፋይበርግላሱ ግንባር ጋር የሚገናኝበት መስመር ነው፤ ቤቱ በሰዓት 60 ማይል ሲጎተት ዝናቡ ከፊት እየተወጋ የሚገባው በዚያ ነው። እዚያ ኢተርናቦንድ የሚባለውን አራት ኢንች ስፋት ያለው ቴፕ አደረግን። ይህ ቴፕ አንዴ ከያዘ ተመልሶ አይነሳም፤ ስለዚህ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን፣ እሱ እየዘረጋ እኔ በትንሽ የእጅ መዳመጫ እየተጫንኩ ከዳር እስከ ዳር ሄድን። ቴፑን አጥብቆ የሚያስይዘው መጫኑ ነው።

ኤሲውን፣ ማለትም የአየር ማቀዝቀዣውን፣ ከላይ አልነካነውም። ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ስለሆነ ልጥቀሰው። ጣሪያ ላይ የተቀመጠው ኤሲ ውሃ የሚከለክለው ከሥሩ ባለ ወፍራም ስፖንጅ ጋስኬት ነው፤ እሱን የሚጨምቁት ከውስጥ በኩል ያሉ አራት ብሎኖች ናቸው። ኤሲው ራሱ የሚያልበው ውሃ ጣሪያው ላይ ነው የሚወርደው። ዙሪያውን በማሸጊያ ብትዘጉት ያ ውሃ መውጫ አጥቶ ወደ ቤት ይገባል። እኛ ያደረግነው ከውስጥ ሽፋኑን ከፍተን አራቱን ብሎኖች በመጠኑ ማጥበቅ ብቻ ነው። ሁለቱ ላልተው ነበር።

አመሻሹ ላይ ከመሰላሉ ስወርድ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሥራ ሁለት ቱቦ ገዝተን ዘጠኙን ጨርሰናል። ማሸጊያው በሰዓታት ውስጥ ላዩ ይይዛል፤ እስከ ውስጡ ለመድረቅ ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወር ሊፈጅ ይችላል። ልጁ ለእንቁጣጣሽ ሲያትል ለመድረስ በሌሊት ተነሳ። ድፎ ዳቦ ጠቅልዬ ሰጠሁት፤ ለነዳጅ የሰጠሁትን ገንዘብ ግን በሩ ሥር ጥሎልኝ ሄዷል።

የመስቀል ሰሞን ተመልሶ መጣ፤ ቀሪውን ለመጨረስ። ውሃ ልናጠጣው ነው። በዚህ ጊዜ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ቁም ሳጥኑ ውስጥ የእጅ ባትሪ ይዞ ቆመ። የውሃ ቱቦውን ግፊት ቀንሼ ከታችኛው ጠርዝ ጀመርኩ፤ አንድ ቦታ ላይ አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ አንድ ክንድ ወደ ላይ፣ ሌላ አሥር ደቂቃ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው በሁሉም ላይ ስለሚወርድ የትኛው እንዳስገባ አታውቁም። «እሺ?» እላለሁ። «ደረቅ ነው ሲስተር» ይላል። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ማታ ለእማዬ ደውዬ ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ከታች ወደ ላይ ነው ያጠጣሽው?» ብላ ነው።

ኦክቶበር ላይ ኮንትራቴ አለቀና በአይ-90 ተራራውን ተሻግሬ ታኮማ ገባሁ። ስኖኳልሚ ማለፊያ ላይ ገና ሳልወርድ መስታወቴ ላይ ዝናብ ጀመረ። ታኮማ ላይ ቤቱን ሆን ብዬ እንደ ኦሎምፒያው ወደ ኋላ ትንሽ አዘንብዬ አቆምኩት፤ የሚያፈስ ከሆነ በማውቀው ቦታ ያፍስስ ብዬ። በነርስ ወግ ያልተጻፈ አልተሠራም፤ ስለዚህ የቁም ሳጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ በእርሳስ መመዝገብ ጀመርኩ፦ ቀን፣ ቦታ፣ የአየሩ ሁኔታ፣ የእንጨቱ እርጥበት። ብዙ አምራቾች በመመሪያቸው ጣሪያው በየ90 ቀኑ ይታይ ይላሉ፤ የሚቀጥለውን ቀንም ከሥሩ ጻፍኩ።

የመጀመሪያው ሳምንት ከሥራ በገባሁ ቁጥር ጫማዬን ሳላወልቅ መለኪያውን አነሳ ነበር። 13። 12። 13። ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ሌት ተቀን የማያባራ አራት ቀን መጣ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከሌሊት ተረኛነት ገብቼ በሩን ከፈትኩ፤ ኮርኒሱን በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ከዚያ መለኪያውን ወጋሁት። «ታኮማ፣ ዝናብ፣ 4ኛ ቀን፣ 12 ከመቶ» ብዬ ጻፍኩ። የሥራ ልብሶቼን ከሻወሩ ዘንግ አወረድኩና አንድ በአንድ ወደ ቁም ሳጥኑ መለስኳቸው።